የፓውል ሊንከ ብዙም ያልተሰሙ ኦፔሬታዎች፦ ከየት ይጀመራል? እንዴት ይደመጣል?

በርሊናዊው የዜማ ደራሲ ፓውል ሊንከ (1866–1946፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ስሙ የሚነሣው በአንድ ኦፔሬታ (ንግግርና ዘፈን የተቀላቀለበት ቀላል የሙዚቃ ቲያትር) እና በሁለት ዜማዎች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦፔሬታው “ፍራው ሉና” ሲሆን ዜማዎቹ ደግሞ “በርሊነር ሉፍት” (የበርሊን አየር) የተባለው ማርሽና ስለ አብሪ ትል የሚዘፈነው “ግሉቩርምሸን” ናቸው። ከእነዚህ አልፎ የቀሩትን የመድረክ ሥራዎቹን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የየኦፔሬታውን ሙሉ ቅጂ በመፈለግ ከጀመረ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ብዙዎቹ በመድረክ ላይ ከታዩ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል። የሚያዋጣው አንድ የታወቀ ዜማ ይዞ መጀመሪያ ወደ ተዘፈነበት ሥራ መመለስ ነው፤ የሊንከ ዜማዎች ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ነበርና።

ከማዳመጥ በፊት ሥራዎቹ የተጻፉበትን ቤት ማወቅ ይጠቅማል። ሊንከ በልጅነቱ በቪተንበርገ ከተማ ባንድ ውስጥ ባሱን የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የተማረ፣ ከ1897 ጀምሮም ለሁለት ዓመት በፓሪሱ የትርኢት ቤት ፎሊ በርዤር ኦርኬስትራ የመራ ሰው ሲሆን፣ ዋናዎቹን ሥራዎቹን ያቀረበው በበርሊን ፍሪድሪኽ ጎዳና በነበረው አፖሎ ቲያትር ነው። አፖሎ የልዩ ልዩ ትርኢት ቤት ነበር፤ አክሮባቶችና ቀልደኞች በሚፈራረቁበት ምሽት ኦፔሬታው አንዱ ክፍል ብቻ ስለነበረ አጭር፣ ፈጣንና ባለ አንድ ገቢር መሆን ነበረበት። ስለዚህ የቪየናን ባለ ሦስት ገቢር ኦፔሬታ መለኪያ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ሊንከን ያለ አግባብ ቀላል አድርጎ ይገምተዋል።

“ፍራው ሉና”ን አስቀድመው ያዳምጡ፤ የታወቀ ቢሆንም ለሌሎቹ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሽቴፕከ የተባለ የበርሊን ወጣት በሠራው ፊኛ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጨረቃ ይወጣል፤ አከራዩ ወይዘሮ ፑሰባኽም ሳይታሰብ አብረው ይጓዛሉ፤ ጨረቃ ላይ ሲደርሱም የሴትዮዋ የድሮ ወዳጅ የነበረው ቴዎፊል በዚያ ሥራ ይዞ ያገኙታል። ግንቦት 2 ቀን 1899 መጀመሪያ ሲታይ ባለ አንድ ገቢር የነበረው ይህ ሥራ በኋላ ሰፍቷል። እዚህ ላይ የእጅዎ ቅጂ የትኛው እንደሆነ የሚለዩበት ቀላል ዘዴ አለ፦ “በርሊነር ሉፍት” ካለበት የሰፋው ነው፤ ማርሹ የመጣው ያንኑ ስም ከያዘው የ1904 ቧልታይ ሥራ ነውና። በአዝማቹ “ሉፍት” የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ወዲያው “ዱፍት” የሚለው ቤት መምቻ በዚያው ምት ሦስት ጊዜ ይመልስለታል። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ቫልድቡነ በተባለው የበርሊን የአየር ላይ መድረክ የሚያቀርበውን የበጋ ኮንሰርት በዚህ ማርሽ መዝጋት ልማድ አድርጎታል፤ ሕዝቡም እያፏጨ ያጅበዋል። የከተማ ባንድ ውስጥ ያደገ ሰው ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ቀጥሎ ወደ “ሊዚስትራታ” (1902) ይሂዱ። ታሪኩ ሴቶች ጦርነትን ለማስቆም ባሎቻቸውን በመኝታ ስለሚቀጡበት የጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የአሪስቶፋነስ ኮሜዲ ነው፤ የአብሪ ትሉ ዘፈንም የወጣው ከዚህ ነው። ይህን ዜማ ሩሲያዊቷ የባሌት ዳንሰኛ አና ፓቭሎቫ ጋቮት ለተባለው የቆየ የፈረንሳይ ውዝዋዜ ተጠቅማበታለች፤ በአሜሪካም በ1952 ሚልስ ብራዘርስ በተባለው የድምፃውያን ቡድን ድምፅ እንደገና ገንኗል። መጀመሪያ በኦርኬስትራ ብቻ፣ ከዚያ በጀርመንኛው ግጥም ያዳምጡት። በኋላ ዘመን ያፈጠኑት አቀንቃኞች እርጋታውን ስላጠፉበት በእነሱ መጀመር አይመከርም።

“ኢም ራይኸ ደስ ኢንድራ” (1899)፣ “ናኪሪስ ሆኽትሳይት” (1902) እና “ግሪግሪ” (1911) በብዛት የሚገኙት በመክፈቻ ሙዚቃቸው (ኦቨርቸር) ነው። የመክፈቻ ሙዚቃ የውስጡን ዜማዎች ቀንጭቦ ስለሚያሰማ ሙሉው ሥራ ባይገኝም ጥሩ ምስክር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሕንድንና የሲያምን (የዛሬዋን ታይላንድ) ስም ቢይዙም የሚነግሩን ስለ እነዚያ አገሮች ሳይሆን የበርሊን ታዳሚ በቅኝ ግዛት ዘመን ሩቁን ዓለም እንዴት ያልም እንደነበር ነው፤ በእኔ ግምት ሙዚቃቸው ከጽሑፋቸው ይሻላል።

ፍለጋውን በተመለከተ የየሥራውን ስም በጀርመንኛ አጻጻፉ ይጠቀሙ፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከፈለጉ ጥቂት የታወቁ ዘፈኖች ብቻ ይመጡልዎታል። ሊንከ ራሱ ኦርኬስትራ እየመራ ያስቀረጻቸውን አሮጌ ሸክላዎች ካገኙ የድምፃቸውን ጥራት ሳይሆን የምታቸውን ፍጥነት ያስተውሉ። ቅጂው ከ1933 እስከ 1945 ባለው ጊዜ የተሠራ ከሆነ የናዚ ዘመን መሆኑን አይዘንጉ፤ አይሁድ የሆኑ የኦፔሬታ ደራስያን ሥራዎች ሲታገዱ የሊንከ ሙዚቃ ይበረታታ ነበር፤ በ1941ም የበርሊን የክብር ዜጋ ተብሏል፤ በዚያው ዓመት “ፍራው ሉና” በፊልም ተሠርቷል።

ኖታ ለሚፈልጉ ደግሞ፣ ሊንከ በ1946 ስለሞተና ዋናው የግጥም ጸሐፊው ሃይንሪኽ ቦልተን ቤከርስም ከእሱ በፊት በ1938 ስላረፈ፣ የጥበቃው ጊዜ ደራሲ ከሞተ 70 ዓመት በሆነባቸው አገሮች የሁለቱ የጋራ ሥራዎች ነፃ ናቸው። ሌሎች ሰዎች በኋላ ያሻሻሏቸው ቅንብሮችና የድምፅ ቅጂዎች ግን የየራሳቸው መብት ስላላቸው፣ ለመድረክ የሚያስብ ቡድን ለድምፅና ለፒያኖ ከተዘጋጀው የመጀመሪያ እትም ኖታ ቢጀምር ይሻለዋል።