የሰርከስ ቲያትር ስትቀርጹ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ዝላይ፣ ቀልድና ታሪክ የተቀላቀለበት የመድረክ ትርኢት የሚቀርጽ ቡድን ካሜራውን ከማብራቱ በፊት ልምምዱን ሁለት ጊዜ ቁጭ ብሎ ይይ። ማን ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ያላወቀ ካሜራማን ከዝላዩ ኋላ ሲሮጥ ይውላል።

ዝላይን መቆራረጥ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ልጁ ሲነሳ አንድ ቀረጻ፣ ሲያርፍ ሌላ ከሆነ ተመልካቹ «ኤዲቲንግ ነው» ይላል፤ የወራት ልፋት ገደል ገባ። ከመንደርደሪያው እስከ ማረፊያው በአንድ ቀረጻ፣ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ይያዝ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የቆመበት ባለ ሦስት ደርብ ፒራሚድ ከ4 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ላይኛው ልጅ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ እንዳይቆረጡ ቁመቱን በልምምድ ላይ ለኩ። ፊት የሚያሳየው ሁለተኛ ካሜራ ልጁ ካረፈ በኋላ ይግባ።

ክላውኑን (አስቂኙን ተጫዋች) ማቻኮል። ባልዲውን ይፈልጋል፤ ባልዲው ራሱ ላይ ነው። ሰዉ የሚስቀው ሲያገኘው ሳይሆን፣ ግራ ገብቶት ቆሞ ሲያያቸው ነው። ኤዲተሩ ያቺን ዝምታ ካሳጠራት ቀልዱ ሞተ። አንድ ማይክ ወደ ተመልካቹ ይዙር። ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በሚነገርበት ከተማ ክላውን ቃል ባነሰው ቁጥር ያስቃል።

ሹተር፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉ፤ በ1/60 ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ለጃግሊንግ (ኳሶችን እያፈራረቁ ለመወርወርና ለመቅለብ) 1/100 ይሻላል፤ በ1/50 ኳሶቹ ጭረት ይሆናሉ። የመድረክ ኤልኢዲ መብራት የራሱ ጠባይ ስላለው 10 ሰከንድ ቀርጻችሁ እዩት።

የድሬ ፀሐይ። ደጅ ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። ቀትር ላይ ሲሚንቶው በእጁ የሚቆመውን ልጅ መዳፍ ያቃጥላል፤ ስልካችሁም ግሎ ይዘጋል።

«አንዴ ብቻ ድገሙልን»። ከባዱን ዝላይ ሰውነት እንደሟሟቀ አስቀድሙት፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አታስደግሙ፣ እግር ሲዝል ማረፊያው ይበላሻል። ፍራሹን ምስል ያበላሻል ብሎ ማንሳትማ አይታሰብም። ጨርቅ ካለበሳችሁት ከሥር ወጥራችሁ እሰሩት፤ የላላ ጨርቅ እግር ይጠልፋል።

ታሪኩን መጣል። በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬን የወለደው ባቡር ጥሩ ጨዋታ ይወጣዋል፤ ልጆቹ ተያይዘው ፉርጎ፣ ክላውኑ ትኬት የሌለው ተሳፋሪ። እዚህ ላይ ግልብጡ ተሳፋሪውን ጣሪያ ላይ ካላወጣው ወይም ከተቆጣጣሪው ካላስመለጠው ጌጥ ብቻ ነው። ካረፈ በኋላ ደረቱን ነፍቶ ለካሜራው ፈገግ ካለም ባቡሩ እዚያው ቆመ።