በጋራዥ የሚሠራ አውሮፕላን ለስፖርት ፓይለት ሲነደፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በስፖርት ፓይለት ፈቃድ (ትንንሽና ቀላል አውሮፕላን ለማብረር በሚሰጠው ፈቃድ) ለመብረር በአብዛኛው የሐኪም ሰርተፍኬት አይጠየቅም፤ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ጋራዡ ውስጥ የራሱን አውሮፕላን የሚነድፍ ብዙ ሰው የዚህ ፈቃድ ገደብ ውስጥ ለመግባት የሚጣጣረው ለዚህ ነው። ስህተቱ ግን ገና ወረቀት ላይ ይጀምራል።

መጀመሪያ፣ በአሮጌው ደንብ መንደፍ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንብ በየብስ ለሚያርፍ አውሮፕላን 600 ኪሎ፣ ሁለት መቀመጫ፣ የማይታጠፍ ጎማ፣ ቢበዛ 120 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ይል ነበር። ስቶል፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት፣ ደግሞ ከ45 ኖት መብለጥ አልነበረበትም። ሞዛይክ የሚባለው አዲሱ ደንብ ከኦክቶበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ለስፖርት ፓይለት የክብደቱን ጣሪያ አንስቶታል። አሁን ዋናው ቁጥር የ59 ኖት ስቶል ነው። አራት መቀመጫ ይፈቀዳል፤ የሚጫነው ሰው ግን ያው አንድ ብቻ። ጎማው እንዲታጠፍ ከፈለጉ ተጨማሪ ሥልጠናና የአሠልጣኝ ፊርማ አለበት።

ሁለተኛው እኔ ራሴ የሠራሁት ነው፤ ስቶልን ፍላፕ (የክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ለማረፍ የሚወርደውን ክፍል) አውርዶ ማስላት። በአሮጌው ደንብ ጊዜ ደብተሬ ላይ 600 ኪሎ፣ 10 ካሬ ሜትር ክንፍ ብዬ ጻፍኩ። ክንፉ ፍላፕ ወርዶ የሚሰጠውን የማንሳት መጠን 1.8 አልኩት። 44.9 ኖት መጣ! ቡና ጠጥቼ ተኛሁ። በማግስቱ ደንቡን ደግሜ ሳነብ ለካ የሚለካው ፍላፕ ሳይወርድ ነው። 1.8ን ፍላፕ ሳይወርድ ባለው 1.4 ስተካ 51 ኖት ሆነ። ወደ 45 ለመመለስ ክንፉ 12.8 ካሬ ሜትር መሆን ነበረበት። አዲስ ክንፍ ማለት ነው።

ያቺን 1.4 ራሷን ከየት እንዳመጧት ይጠይቁ። የክንፍ ቅርጽ ሰንጠረዥ ላይ 1.6 ቢል፣ ያ ጫፍ የሌለው ክንፍ ነው። እውነተኛው ክንፍ ጫፉ ላይ አየር ያመልጠዋል፤ ጅራቱም ብዙ ጊዜ ወደ ታች ይጫናል። ቀነስ አድርገው ያስሉ።

አሁን 59 ተፈቅዷል ብሎ ክንፉን እስከ ጠርዙ ማሳነስም አለ። በስሌት ያው 600 ኪሎ በ7.5 ካሬ ሜትር ክንፍ ገደቡ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ሞተር ጠፍቶ ማሳ ላይ ሲያርፉ፣ በ59 ኖት የሚነካ አውሮፕላን በ45 ከሚነካው 1.7 እጥፍ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ 50 አካባቢ ላይ ነው የምቆመው።

ክብደት ደግሞ ሲሠራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቀለም፣ ሽቦ፣ የወንበር ስፖንጅ፣ የተረፈ ሙጫ፤ አንዱም ንድፉ ላይ የለም። ክብደት 10 በመቶ ሲጨምር ስቶል ወደ 5 በመቶ ይጨምራል። አንድ ጓደኛዬ የወጥ ቤት ሚዛን ጋራዥ አስገብቶ፣ የሚገጥመውን ሁሉ ሳይመዝን አይገጥምም። ሚስቱ አዲስ ሚዛን ገዝታለች።

የክብደት ማዕከሉን በሁለት ሰው ብቻ አስልቶ መተውም አይሆንም። ቀጭን ፓይለት ብቻውን፣ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል፤ ይህንንም ያስሉ።

መጨረሻ ላይ ፎቶ። ከሥራው ከግማሽ በላዩ በአማተር እጅ፣ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ መሠራቱን ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማሳየት አለብዎት። ክንፉ ከተሸፈነ በኋላ የውስጡን አጥንት ማን እንደሠራው አይታይም፤ ሳይሸፍኑት ያንሱት።