አሮጌ ቤት ከጣሪያው ጀምሮ ይነበባል

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የዲዛይን ቢሮ ንድፍ ስሠራ ኖሬያለሁ። መሐንዲሶቹ ያሰቡትን ወረቀት ላይ የማወርደው እኔ ነበርኩ። ጡረታ በወጣሁ ማግስት የእህቴ ልጅ አርክቴክቸር ልትማር ገባች። አንድ ምሽት የሮማን ዓምዶች ስትሸመድድ አገኘኋትና፣ «ጊዮርጊስን ዞረሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። አታውቅም። አራዳ ተወልዳ! ቅዳሜ ጠዋት እጇን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሕንፃ ለማየት ብዙ ቅዳሜዎች ሄደናል። እናንተም ብትሞክሩት እንዲህ አድርጉ።

ደብተርና እርሳስ ያዙ። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ስልክ ያየ ዘበኛ ሁሉ «ክልክል ነው» ይላል፣ እርሳስ ላይ ግን ማንም ክፉ አይናገርም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ስላለች የእንጨቱ ቅርጽ ጥላ ይጥላል፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል።

መጀመሪያ አራዳ ጊዮርጊስ ሂዱና ግድግዳውን ቁጠሩ። ስምንት ማዕዘን ነው። የእህቴ ልጅ ዓምዶቹንና የድንጋዩን ሥራ ዓይታ «አውሮፓዊ ነው» አለች። ንድፉ የጣሊያናዊው የሴባስቲያኖ ካስታኛ ስለሆነ አልተሳሳተችም። ግን ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። ውስጡ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ነው፣ አንዱ አንዱን ከቦታል። የገጠሩ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ራሱ! ስለዚህ ማንኛውንም ሕንፃ ስታዩ ሁለት ጥያቄ ለይታችሁ ጠይቁ፦ ክፍሎቹ የተደረደሩት በማን ልማድ ነው? ፊቱ የተሠራውስ በማን? መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያየ አገር ነው።

ቀጥሎ ጣይቱ ሆቴል። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት፣ የአገሩ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። ቁጭ ብላችሁ ቡና እዘዙ፣ እየጠጣችሁም ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ።

ጣሪያው ለምን ቀጥ ብሎ ወጣ? የሐምሌ ዝናብ ነዋ። ከቻላችሁ አንድ ቀን በክረምት ተመለሱ፤ ጣሪያ ሥራውን ሲሠራ የሚታየው ያኔ ነው። በረንዳው ደግሞ ግድግዳውን ከዝናብም ከፀሐይም ይጋርዳል። «በረንዳ» የሚለው ቃል ራሱ ከሕንድ አገር በኩል የመጣ ነው፣ ዓይነቱም እንዲሁ። በምኒልክ ጊዜ ሕንዶችና አርመኖች እዚህ ከተማ ውስጥ ግንበኛም አናጺም ነበሩ። እንደ አርመናዊው ምናስ ኸርቤክያን ያሉት ደግሞ ንድፍ ያወጡ ነበር። የሕንዱ ነጋዴ የመሐመድ አሊ ቤት የዚያ ዘመን ነው። በክዳኑ ጠርዝ ላይ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ሳንቃ ካያችሁ፣ ቁሙና ሳሉት። ለመሳል አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ አናጺው ስንት ቀን እንደፈጀበት የሚገባችሁም ያኔ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ግን እሳት አይችልም። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በከፊል ሲቃጠል ቤቴ ሆኜ አልቅሻለሁ።

ከጣሪያው ወርዳችሁ ግድግዳውን ያዙ። አሁን የምነግራችሁን ትምህርት ቤት ያስተማረኝ የለም፣ ከግንበኞች ነው የለቀምኩት። መስኮቱ ላይ ክንዳችሁን አስገቡና የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ ድንጋይ ነው። አንድ ስንዝር ገደማ ከሆነ ጭቃ ነው። በአራዳ ብዙ ቤቶች ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ከበድ ያለው ታች፣ ቀለል ያለው ላይ። በኖራ ስለተለሰኑ ከውጭ አይለዩም፣ ክንዳችሁ ግን አይዋሽም።

ጭቃ ቤት ሲባል ፊታችሁን አታጨማዱ። አያቴ ቤት ሲመረግ አስታውሳለሁ። እንጨቱ ቆሞ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ እንዲቦካ ቀናት ይተዋል። ሽታው ሰፈሩን ያውድ ነበር (ያውድ ያልኩት ለአያቴ ክብር ነው)። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ግድግዳው ቀን ሙቀት ጠጥቶ ማታ ይመልሳል። ሲጎዳ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ አቡክቶ ይመርገዋል። ብሎኬት ቤቴ ግን ኅዳር ሲገባ ብርድ ነው፤ ብርድ ልብስ ደርቤ ቴሌቪዥን የማየው እኔ ነኝ።

ውስጥ ለመግባት ዕድል ካገኛችሁ (እንዴት እንደሚገኝ እነግራችኋለሁ) ቀና በሉ። አያቴ ቤት ኮርኒሱ አቡጀዴ ነበር። ጨርቁ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ በኖራ ተቀብቶ። ማታ አይጥ ስትሮጥበት እግሯ ይቆጠራል። ከዚያ ወለሉን እዩ፦ ጣውላ ነው ሊሾ? እስቲ ቃላቱን አድምጡ። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ፌሮ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ፣ ባኞ። ሁሉም ጣሊያንኛ። «ኮርኒስ» እንዲያውም በእነሱ ቋንቋ የጠርዝ ጌጥ ነው፣ እኛ ወስደን ጣሪያውን ሁሉ ሸፈንበት። የቤቱ ውስጥ የቆዩ ስሞች ግን የራሳችን ናቸው፦ እልፍኝ፣ ጓዳ፣ ምሰሶ፣ መደብ። እኛ ጋ ስም የሌለው ዕቃ ሲመጣ ስሙን ይዞ ይመጣል፣ ለካ።

መደብ ካልኩ አይቀር፣ ሐረር ከሄዳችሁ የጌይ ጋርን (የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት) ሳሎን አትለፉት። አምስት ደረጃ መደብ አለው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረጉ የታወቀ ነው። ሶፋና ወንበር ሳይኖር የሰው ደረጃ በወለሉ ከፍታ ይነበባል። ከአክሱም ደግሞ ትልቁን ሐውልት አስቡት፦ በርና መስኮት ያለው የፎቅ ቤት ነው የተቀረጸው፣ ጠንካራ ድንጋይ ላይ። የእንጨቱ ጫፎች ሳይቀሩ በድንጋይ ተመስለዋል። ደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ላይ እውነተኛው እንጨት በድንጋዩ መሐል እንደተጋደመ ይታያል።

ወደ አራዳ እንመለስ። ፊቱ ጌጥ አልባ፣ ማዕዘኑ የተሞረደ፣ ጣሪያውን በአጥር ግድግዳ የደበቀ ሕንፃ ስታዩ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩትን አምስት የጣሊያን ወረራ ዓመታት ጠርጥሩ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ድርጅት የጣሊያንኛ ምኅጻረ ቃል ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ሌ ኮርቡዝየ የተባለው ስመ ጥሩ አርክቴክት የአዲስ አበባን ንድፍ ጭሮ ለሙሶሊኒ ደብዳቤ ጻፈ። በሥዕሉ ላይ ቀጥ ያሉ መንገዶች አሉ፣ ከተማዋ ግን የለችም። ወንዙም፣ ቁልቁለቱም፣ ሰዉም እንደሌለ። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «እሱን እኮ በጣም እንወደዋለን» ብላ ተቆጣች። ውደጂው፣ ግን ይህንንም እወቂ አልኳት።

አሁን ስለ መግባት። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ ዘበኛው ባረረን ጊዜ አፈርን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ «ማየት ይቻላል?» ብዬ ነው የጠየቅኩት። «አይቻልም» ቀላል መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ «እንደምን አደሩ አባቴ፣ ይህ ቤት የማን ነበር?» እላለሁ። ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። የሚያውቅ ከሆነ ወንበር ያመጣላችኋል። ካላወቀ የሚያውቀውን ሰው ይጠራል። ሊስትሮዎችን አትናቁ፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሕንፃ ሲያዩ ነው የሚውሉት። የተነገራችሁን ከቦታውና ከቀኑ ጋር ጻፉ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ብዙ ቤት ፈርሷልና። በደብተሬ ከሣልኳቸው ሦስቱ ዛሬ ያሉት ደብተሬ ላይ ብቻ ነው።

ጉልበት ከተረፋችሁ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ውረዱ። ከላይ ያለው ማዘጋጃ ቤት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው፣ የአፍሪካ አዳራሽም የእሱ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይዞ ነበር። ያ ራሱን የቻለ አንድ ቅዳሜ ይፈልጋል፣ አታጣድፉት። ታች ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስትደርሱ የክንዱን ዘዴ እርሱት፣ ኮንክሪት ነው። ጣሊያኖች ሲኒማ ብለው የጀመሩትን ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት ጨርሶት በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ሁለት እጅ የሠራው ቤት ነውና ስፌቱን ፈልጉ።

እኛ ፊት ለፊቱ ካለው ከሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ሥር ተቀመጥን። ልጅቷ አንበሳውን ስትስል ጎፈሩ ላይ ደርሳ እርሳሷን አቆመች። «አክስቴ፣ ይህ እኮ ሁሉም ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ አንድም ክብ የለውም» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በፊቱ አልፌ አላስተዋልኩትም ነበር። ተነሥቼ ዞርኩት።