ሜትር ከ90 ላለፈ አዳኝ ድንኳን ሲያጥር፦ ችግርና መፍትሄ

እኔ ሜትር ከ94 ነኝ። የመጀመሪያውን የአደን ድንኳኔን ስገዛ የወለሉ ርዝመት 215 ሴንቲ ሜትር ነው ይላል፤ 21 ሴንቲ ትርፍ አለኝ ብዬ ተደስቼ ይዤው ወጣሁ። በመጀመሪያው ሌሊት አናቴ አንዱን ግድግዳ፣ እግሬ ሌላውን ሲገፋ አደረ። ድንኳኑ አልዋሸም፤ ወለሉ እውነትም 215 ነው። እኔ ግን ወለሉ ላይ እንደ ወረቀት ተለጥፌ አልተኛም። «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» ይባላል፣ እግር አይቆረጥ ነገር።

ከዚያ በኋላ ያየኋቸውን ችግሮች አንድ በአንድ ልንገራችሁ። የአብዛኞቹ መነሻ አንድ ነው።

ጠዋት የስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) እግር ረጥቦ ይገኛል

ብዙ ሰው ወዲያው «ድንኳኑ ያፈሳል» ብሎ ይደመድምና ስፌቱን ማሸጊያ ሲቀባ ይውላል። በማግስቱም ይረጥባል። መጀመሪያ የረጠበው የት እንደሆነ እዩ። ከሥር ከሆነ ችግሩ ወለሉ ነው። የእግር ጣቶቻችሁ ያሉበት ጫፍ ብቻ ከሆነ ግን ዝናብ አይደለም፣ የገዛ ትንፋሻችሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይሆናል። አጭር ሰው ግድግዳውን ስለማይነካው ጤዛው እዚያው ይቀራል። የእናንተ እግር ግን እስኪነጋ ድረስ ሲመጠው ያድራል።

ባጋችሁ የላባ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ላባ ሲረጥብ ይጣበቅና ሙቀት መያዝ ያቅተዋል። ደግሞ አደን ላይ ባጉን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ የሚጠብቅለት ሰው የለም፤ ገና ሳይነጋ ወጥታችሁ ሲመሽ ነው የምትመለሱት፣ እርጥበቱም ሌሊት በሌሊት ላይ እየተደራረበ ይሄዳል።

ለዛሬ ማታ፦ የዝናብ ጃኬታችሁን ዚፑን ቆልፉና የባጉን እግር አልብሱት። ቢበርዳችሁም የድንኳኑን የላይና የታች መተንፈሻ ክፈቱ። አፍንጫችሁን ባጉ ውስጥ ቀብራችሁ አትተንፍሱ። ለወደፊቱ ድርብ ግድግዳ ያለው ድንኳን ይሻላል የሚለው ምክር ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ ምክር ነው። የውስጡ ድንኳን ካጠረ እግራችሁ እሱን ገፍቶ ከውጪው ሽፋን ጋር ያጣብቀዋል፣ ውሃውም ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ርዝመቱን ነው መፍታት።

ቁጥሩ ይበቃል፣ ሰውየው ግን አልበቃውም

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በጀርባችሁ ስትተኙ የእግር ጣቶቻችሁ ወደ ላይ ይቆማሉ። የፍራሹን ውፍረት ስትጨምሩበት ከመሬት ወደ 40 ሴንቲ ይጠጋሉ። ትራስ ከተጠቀማችሁ ፊታችሁም እዚያው አካባቢ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ ርዝመት እንግዲህ 40 ሴንቲ ከፍታ ላይ ያለው ነው። ሻጮች የሚጽፉት ደግሞ የወለሉን ነው፣ ማለትም ድንኳኑ ከሁሉም ቦታ በላይ ረጅም የሆነበትን።

እስቲ እናስላው። የጫፎቹ ግድግዳዎች ቀጥ ያሉ ናቸው እንበል፣ 70 ዲግሪ። 40 ሴንቲ ከፍታ ላይ ስንደርስ ከእያንዳንዱ ጫፍ 15 ሴንቲ ገደማ ሄዷል። 215 የነበረው 185 ሆነ። እኔ ደግሞ 194 ነኝ፣ የባጉ ውፍረት ገና ሳይቆጠር! ግድግዳው በ45 ዲግሪ የሚያዘነብል ከሆነማ ከየጫፉ 40፣ በጠቅላላው 80 ሴንቲ ይበላችኋል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የድንኳኑን የጎን ሥዕል ፈልጉ፣ ብዙ አምራቾች ያወጡታል። ሥዕሉ ላይ 40 ሴንቲ ከፍታ ላይ መስመር አስምሩና ርዝመቱን ለኩ። ከቁመታችሁ ቢያንስ 15 ሴንቲ ይብለጥ፣ 20 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከገዛችሁ በኋላም መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ቤት ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ ትከሉት። ፍራሹን ንፉ፣ ባጉ ውስጥ ግቡ፣ ኮፍያውን ሳቡ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ከውጭ ጨርቁ የተወጠረበት ቦታ ካለ ይይላችሁ። ትንሽ ያስቃል። ግን ተራራ ላይ ከማልቀስ ይሻላል።

ድንኳኑ አንዴ ተገዝቶ ከሆነስ? ብቻችሁን ከሆናችሁና የሁለት ሰው ድንኳን ከሆነ ሰያፍ ተኙ። ወለሉ 215 በ130 ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ 251 ሴንቲ ነው። ባጉ ስፋት ስላለው ሙሉውን ባታገኙትም እግርን ለማዳን ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ለሎጋ ሰው «የአንድ ሰው» የሚባለውን ድንኳን ባላየ ማለፍ ነው የሚሻለው። ወደ ሁለት ሰው ብትሸጋገሩ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ክብደት ጥቂት መቶ ግራም ነው።

ፍራሹን ቀየርኩ፣ ባሰብኝ

ይሄ እኔንም አታሎኛል። ወፍራም የሚነፋ ፍራሽ ለጎን ይመቻል፣ ግን ወደ ላይ ያነሳችኋል፤ ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ ድንኳኑ ይጠባል። 5 ሴንቲ የነበረውን በ10 ብትተኩት፣ ግድግዳው 45 ዲግሪ ከሆነ፣ ከየጫፉ 5 ሴንቲ አጣችሁ። ድንኳኑ ቀድሞውኑ ለጥቂት የሚበቃ ከነበረ ቀጭኑ ላይ ቆዩ። የፍራሹንም ርዝመት እዩ። መደበኛው ብዙውን ጊዜ 183 ሴንቲ ነው፣ ረጅሙ 196 አካባቢ። በ183ቱ ላይ ተረከዝ መሬት ላይ ይቀራል፣ ከተረከዝ የሚገባ ብርድ ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም። ትርፍ ልብስ ወይም ባዶ ቦርሳ ከተረከዛችሁ ሥር አድርጉ።

ማታ የተወጠረው ጨርቅ ጠዋት ፊቴ ላይ ተኝቷል

ካስማው ለቆ ካልሆነ ጨርቁ ናይለን ነው ማለት ነው። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል። ፖሊስተር በጣም ያነሰ ነው የሚለጠጠው፣ ዳይኒማ የሚባለው ውድ ጨርቅ ደግሞ ምንም አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ለአጭር ሰው 5 ሴንቲ ቢረግብ ምንም አይደለም፤ እናንተ ግን ያላችሁ ትርፍ እሷው ናት። ከመተኛታችሁ በፊት ገመዶቹን እንደገና ወጥሩ። በጨርቁ መሃል ላይ የገመድ ማሰሪያ ካለ አትዝለሉት፣ እሱን ወደ ውጭ ስትስቡት ውስጡ በግልጽ ይሰፋል። በእግር ጉዞ ዘንግ የሚቆም ድንኳን ከሆነ ደግሞ ከዘንጉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ። የጨርቁ ጫፍ ከመሬት ትንሽ ስለሚነሳ ነፋስ ይገባል፣ ግን ፊት ይተርፋል።

ስነቃ ወደ እግር በኩል ተንሸራትቼ እገኛለሁ

መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ወለሉም በሲሊኮን የተለበጠ ስለሆነ ያንሸራትታል። ወለሉ ላይ የስፌት ማሸጊያ ሲሊኮን በቀጫጭን መስመር ቀብታችሁ አድርቁት፣ ፍራሹን ይይዘዋል።

ቁጭ ስል አናቴ ጣሪያውን ይመታል

አንድ ቀን ጉም ወርዶ ሙሉ ቀን ድንኳን ውስጥ ስትቀመጡ ነው ይሄ የሚገባችሁ። ሰው ሲቀመጥ ከወገቡ በላይ ያለው ከቁመቱ ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። የእኔ 101 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ 8 ሴንቲ ፍራሽ ሲጨመር 109። የጣሪያው ከፍታ 100 ከሆነ አንገት ደፍቶ መዋል ነው። 120 ቢሆንም ገና አትደሰቱ፤ ከፍታው መሃል ላይ ከሆነ፣ እናንተ ደግሞ ስትነሱ የምትቀመጡት ወደ ራስጌ ከሆነ፣ ያው ነው። ከፍተኛው ቦታ ወደ ራስጌ የመጣበትን ወይም ጣሪያውን ወደ ጎን የሚዘረጋ ተጨማሪ ምሰሶ ያለውን ምረጡ። በሩም በጎን ይሁን። ረጅም እግር አጥፎ ከጠባብ የፊት በር በጨለማ መውጣት፣ ያውም ቦት ጫማ ለብሶ፣ ለጠላትም አይመኙት።

ቲፒ ገዛሁ፣ አሁንም ጠበበኝ

ቲፒ የሚሉት በመሃል በአንድ ምሰሶ የሚቆም ሾጣጣ ድንኳን ነው። ብዙ አዳኞች የሚወዱት ቆመው ሱሪ ስለሚለብሱበትና የእንጨት ምድጃ ስለሚያስገቡበት ነው። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከሆነ ግን ግድግዳው 45 ዲግሪ ነው፤ ዙሪያውን ያለው 40 ሴንቲ ለቦርሳና ለጫማ እንጂ ለሰው አይሆንም። የሚቀረው 320 ሴንቲ ነው፣ መሃሉን ምሰሶና ምድጃ ይዘውታል። ስለዚህ «የስድስት ሰው» ከተባለ ለረጃጅሞች ሁለት ወይም ሦስት ብላችሁ ቁጠሩ። ከምሰሶው ጎን ለጎን ተኙ እንጂ እግራችሁን ወደ ግድግዳው አትጠቁሙ። ወደ ምድጃውም እንዳይሆን፤ የባጉ ናይለን ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ ወዲያው ይቀልጣል። ምድጃ ከነደደ ደግሞ መተንፈሻው ክፍት ይሁን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም። እሳቱም ከመተኛታችሁ በፊት ይጥፋ።