ከጎረቤት ጩኸት ሲሰማ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በባሕር ዳር የኪራይ ግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል። አባይ ማዶም ይሁን ሽምብጥ ክፍሎቹ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ማታ የሚያርፈውን ዱላ ሁሉም ይሰማል። ጠዋት ቧንቧው ጋ ስንገናኝ ግን ማንም እንዳልሰማ ይሆናል። ከፖሊስ ቀድሞ መድረስ የሚችለው ጎረቤት ነውና ዝምታችን ከማንም ዝምታ የከፋ ነው።

«የባልና ሚስት ጠብ ነው» ብሎ መተኛት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በወንጀልነት ያስቀጣል። ስለዚህ በሩን አንኳኩ። «ከሰል ይኖራችኋል?» ማለት እንኳ የተነሣ እጅ ሊያስወርድ ይችላል። ብቻችሁን አትሂዱ። መሣሪያ ካለ በሩን ሳትነኩ ለፖሊስ ደውሉ።

ልጅ ስትደፈር ሽማግሌ መላክ። ሽምግልና የምናከብረው ባህል ነው፤ የመሬትና የገንዘብ ጠብ አብርዷል። የተደፈረች ሕፃንን ጉዳይ በካሳ መዝጋት ግን ልጅቷን ዳግም መበደል ነው። ሕጉ ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። የእድር ዳኛም ሆነ የነፍስ አባት ይህን በእርቅ ማስቀረት አይችልም። «አጎቷ ነው፣ ስሙ አይነሣ» የሚለው ልመና ደግሞ እዚያው ቤት ያለችውን ታናሽ እህቷንም ለአደጋ ይተዋታል።

ልጅቷን አጥቦ ልብሷን መዘፍዘፍ። እናት በድንጋጤ መጀመሪያ የምታደርገው ይህን ነው፤ ማስረጃው ግን ከውኃው ጋር ይሄዳል። ልብሱን ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልሉት፤ ፌስታል እርጥበት ይይዛል። ሳትውሉ ሳታድሩ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዷት። ኤችአይቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ሰዓቱ አለፈ ብላችሁም አትቅሩ፤ ሌላ የሚደረግላት ሕክምና አለ።

ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ልጅቷን በጥያቄ እንዲያስጨንቃት መፍቀድ። «አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት፤ ዝርዝሩን ለሐኪምና ለመርማሪ ተዉት።

የምትደበደብን ሴት «ለምን ጥለሽው አትወጪም?» ማለት። የምትሄድበትን አስባችሁላታል? ጥላው ልትወጣ ስትል አደጋው ብዙ ጊዜ ይብሳል። ቀኑን እሷ ትምረጥ። እናንተ የልጆቿን የልደት ካርድና መታወቂያዋን አስቀምጡላት፤ ሌሊት ብታንኳኳ የሚከፍትላት ቤት እንዳለ ንገሯት።

የቤት ሠራተኛዋን ከልጅ አለመቁጠር። ከገጠር ወደ ዘመድ ቤት «ልትማር» መጥታ ሕፃን አዝላ የምትውል ልጅ በየሰፈሩ አለች። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢያጎሳቁለው፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው ያስቀጣል። ወፍጮ ቤት ስታገኟት ስሟን፣ ትምህርት ቤቷን፣ የእናቷን ስልክ ጠይቋት። ቁስል ካያችሁባት ለፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አመልክቱ፤ አሠሪዋ የእድራችሁ አባል ቢሆንም።