ከባሕር ዛፍ ጉቶ የተገላገልኩበት መንገድ

ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ቀረ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ቢቆርጡትም አይሞትም። ቅርፊቱ ውስጥ ተኝተው የቆዩ እንቡጦች ግንዱ ሲሄድ ይነቃሉ። በምኒልክ ዘመን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለው ቶሎ ስለሚያድግና ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ለማገዶ ግሩም ነው፤ ለጠባብ ግቢ ግን አይሆንም።

ከነሥሩ ነቅዬ ላወጣው አስቤ ነበር። ነገር ግን ለአጥሩ ግንብ በጣም ቅርብ ነው፤ መሠረቱን ይዞት ቢሄድስ? እሳት በቤቶች መሃል አይታሰብም። ጨው ነስንስበት ያሉኝም አሉ። ጨው አፈር ይጎዳል፤ አጠገቡ ደግሞ ጎመን ተክያለሁ።

ስለዚህ እዚያው እንዲደርቅ ወሰንኩ። ዙሪያውን ስንዝር ያህል በዶማ ቆፈርኩ። ከዚያ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ላጥኩት። እርጥብ እያለ እንደ ቆዳ ተያይዞ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ነጣ ያለና የሚያሙለጨልጭ ነው። ከደረቀ ግን ሙጭጭ ስለሚል ዛፉ በተቆረጠ ሰሞን ቢሠራ ይሻላል። ከመሬት በታች ያለውን እብጠት በተለይ ጥርግ አድርጋችሁ ላጡት፤ ብዙው ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ትንሽ ቅርፊት በቀረበት ጥግ ቀጫጭን ቡቃያዎች ብቅ ብለው ነበር። ለጋ እያሉ ከነመነሻቸው ገነጠልኳቸው። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ምንም አላቆጠቆጠም። ጉቶው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ግንቡም ደህና ነው።