ብስክሌት ላይ አማካይ ፍጥነታችሁን እንዴት ትለካላችሁ? መሻሻላችሁንስ በምን ታውቃላችሁ?

አንድ እሁድ ማለዳ ከቃሊቲ ተነስቼ በአሮጌው መንገድ ቢሾፍቱ ድረስ ነዳሁ። ስደርስ ስልኬ አማካይ ፍጥነትህ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ነው አለኝ። ወዲያው ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። ቁርሴን በልቼ በዚያው መንገድ ስመለስ 18 ሆነ። ያኛውን ለማንም አላሳየሁም።

እግሬ በአንድ ቁርስ አልሰነፈም። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አዲስ አበባ መሃሏ 2,350 ገደማ። ስሄድ መንገዱ ነዳኝ፣ ስመለስ ግን እኔው ነዳሁ። አማካይ ፍጥነት ከነጂው ይልቅ ስለ መንገዱ ብዙ ያወራል። ስለ እናንተ እንዲያወራ ከፈለጋችሁ ትንሽ ማስገደድ አለባችሁ።

1. መጀመሪያ ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን

እንደ ስትራቫ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች ሁለት ዓይነት ጊዜ ይይዛሉ። አንዱ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ነው። ሌላው ብስክሌቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚቆጠረው ነው። መብራት ላይ የቆማችሁበትና ማኪያቶ የጠጣችሁበት በሁለተኛው ውስጥ አይገባም። እኔ የምጠቀመው ሁለተኛውን ነው። እናንተ የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ብቻ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው አትለኩ።

መሪው ላይ የሚታሰረውን ትንሽ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ እሱ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ስለዚህ የጎማውን ዙሪያ በትክክል ንገሩት። ጎማው መሬት የሚነካበት ላይ ጎማውንም መሬቱንም በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት ሂዱ፣ የጎማው ምልክት እንደገና መሬት የነካበትንም ምልክት አድርጉ፣ መሬቱ ላይ ከምልክት እስከ ምልክት ያለውን በሜትር ለኩ። ወፍራም የ26 ኢንች የተራራ ጎማ 2,050 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ቀጭኑ፣ ጎኑ ላይ 700 በ25 የሚል ልክ የተጻፈበት ጎማ፣ ደግሞ 2,100 አካባቢ። የቀጭኑን ቁጥር ለወፍራሙ ከሞላችሁ፣ 20 ስትነዱ 20.5 ያሳያችኋል። ያልነዳችሁትን ግማሽ ኪሎ ሜትር ይመርቅላችኋል ማለት ነው።

2. ሒሳቡን እወቁት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወጣችሁ እንበል። አንድ ሰዓት ፈጀ። ያንኑ መንገድ በ40 ወረዳችሁት፤ 15 ደቂቃ። አማካዩ ስንት ነው? 10 እና 40 ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው 25 ይላል። እውነቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። 16 ብቻ! ዳገቱ ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆያችሁ ዳገቱ ይጎትታችኋል።

ይህ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምራል። ቁልቁለቱን በ40 ፈንታ በ50 ብትወርዱት የምታተርፉት 3 ደቂቃ ነው። ዳገቱን በ10 ፈንታ በ12 ብትወጡት ግን 10 ደቂቃ ታተርፋላችሁ። ስለዚህ ከእንጦጦ ስትወርዱ ፍሬናችሁን ያዝ እያደረጋችሁ ውረዱ። ለሦስት ደቂቃ ብሎ ጥርስን መስጠት አያዋጣም።

ነፋስም እንደ ዳገት ነው። በነፋስ ላይ በ15 ሄዳችሁ፣ ነፋስ ገፍቷችሁ በ30 ብትመለሱ አማካያችሁ 20 ነው። ከሄዳችሁበት የባከነውን መመለሻው ሙሉ በሙሉ አይክሰውም።

3. አንድ የመለኪያ መንገድ ያዙ

ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ መነሻውና መድረሻው አንድ ቦታ የሆነ መንገድ ፈልጉ። ዞሮ የሚገጥም ከሆነ ዳገቱና ቁልቁለቱ እኩል ይሆናል፤ እንደኔ በግማሽ መንገድ ፎቶ አትልኩም። መብራትና አደባባይ ያነሰበት ይሁን። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያላችሁ ታድላችኋል፣ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ያለው አማራጭ እሁድ ታክሲው ሳይነቃ መውጣት ነው። መንገድ ለሰው በሚባለው ቀን መንገዱ ከመኪና ነጻ ቢሆንም ለመለኪያ አይሆንም። እሱ የልጆች ቀን ነው፤ ቀስ ብላችሁ ተዝናኑበት።

ከመውጣታችሁ በፊት የጎማውን ነፋስ አስተካክሉ። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ጎሚስታ ጋ በአውራ ጣት ተጫን ተጫን አድርጎ "በቂ ነው" ማለት ለጉዞ ይሆን ይሆናል፣ ለመለኪያ ግን አይሆንም። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጉልበታችሁን ይበላል፣ እናንተ ደግሞ "ደከምኩ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

4. በወር አንድ ጊዜ ለኩ፣ ከሰዓቱ ጋር ልባችሁንም ቁጠሩ

15 ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ተሟሟቁ። ከዚያ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር በሚያስችላችሁ፣ ወሬ መጠረቅ ግን በማያስችላችሁ ግፊት መንገዱን ጨርሱ። እንደቆማችሁ አንገታችሁ ላይ የደም ሥራችሁን ይዛችሁ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ ሁለቱን የልብ ምቶች፣ ነፋስ እንደነበረና ሌሊቱን እንዴት እንደተኛችሁ ደብተር ላይ ጻፉ።

የልብ ምቱ ለምን? የኔ ደብተር ላይ ጥቅምት ውስጥ 15 ኪሎ ሜትር በ48 ደቂቃ፣ ልብ 164 ይላል። ታኅሣሥ ላይ 47 ደቂቃ፣ ልብ 152። ስልኩ ብቻ ቢጠየቅ "ያው ነህ" ይለኛል። ግን ያንኑ መንገድ በ12 ምት ባነሰ ልብ መጨረስ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ከፍጥነቱ በፊት የመጣው ይህ ነው።

በሳምንት ልዩነት ግን አትፍረዱ። ሦስትና አራት ወር ደርድራችሁ እዩ። ጾም ላይ፣ ጉንፋን ላይ፣ የዝናብ ማግስት የተመዘገበ ቁጥር አንድ ብቻውን ምንም አይልም።

5. ቁጥሩን ከማን ጋር ታወዳድራላችሁ?

በግምት፣ ጀማሪ ሰው በሜዳ መንገድ ከ15 እስከ 20 ይነዳል። ጥቂት ወራት በመደበኛነት የነዳ ከ20 እስከ 25፣ የለመደና ቀጭን ጎማ ያለው ሰው ከዚያ በላይ። ወፍራም ጎማና ኮረኮንች ላይ ከሆናችሁ ቀንሱለት።

መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። አየርን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ልክ ያድጋል። ከ20 ወደ 25 ለመውጣት ለአየሩ ብቻ ሁለት እጥፍ ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የነዳ ደግሞ አየሩን ሌላ ሰው ሰንጥቆለታል፤ ስለዚህ የቡድን ቀን ቁጥራችሁንና ብቻችሁን የነዳችሁበትን በአንድ ገጽ አትጻፉ።

ቨርጂኒያ ያለ ዘመዳችሁ "እኔ 13 ነው የምነዳው" ካላችሁም ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁት፤ ማይል ነው። በኪሎ ሜትር 21 ገደማ ይሆናል። እሱ ለእረፍት መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ቢያለከልክም አትፍረዱበት። ከፍታው ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለመሰንጠቅ ይቀላል፣ ለመተንፈስ ግን ይከብዳል። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን፣ 49.431 ኪሎ ሜትር፣ ያስመዘገበው 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ወደዚያ የሄደውም ሳሳ ያለውን አየር ፈልጎ ነበር። እሱ ግን በሜዳ ነው የነዳው፣ ሽሮ ሜዳን አልወጣም።

6. ቁጥሩ ድንገት ከወረደ

ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ብስክሌቱን አንሱና ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩ። ሳይነካካ ለረጅም ጊዜ መዞር አለበት። ካቴናው ደርቆ እንደሆነም እዩ። እኔ አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ጎደለብኝ። እንቅልፌን አስተካከልኩ፣ ምግቤን ለወጥኩ፣ ዕድሜዬንም አማረርኩ። በመጨረሻ የሰፈራችን ጎሚስታ የኋላውን ጎማ አንድ ጊዜ አዞረና የፍሬኑን ላስቲክ በጣቱ አሳየኝ። ቸርኬው ላይ ተለጥፎ ነበር።